ባለ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮው ቤት

ባለፈው ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ የምትከራየው አፓርታማ ስትፈልግ አብሬያት ዞርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን የምሞላበት ሥራ ስለሌለኝ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ደላላው ትሑትና ችኩል ወጣት ነበር። አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣንና በሩን ከፍቶ፣ «ዘጠና ካሬ ነው፣ አባባ። በዚህ ሰፈር በዚህ ዋጋ አያገኙም» አለኝ። ልጄ ወጥ ቤቱን ስታይ እኔ ከግድግዳ ግድግዳ በእርምጃ ለካሁ። እርምጃዬን አውቃታለሁ፤ እግሬ ቢደክምም አልተለወጠችም። ሰባ እንኳ አልሞላ አለኝ። ስጠይቀው ምንም ሳያፍር፣ «ደረጃውና ኮሪደሩ ተደምሮ ነዋ፤ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለካው» አለኝ።

ልጄ ተቆጣች። እኔ አልተቆጣሁም። ልጁ የዋሸ አልመሰለውም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። ቤትን ውስጡ ሳይገቡ በሌላ ነገር ቆጥሮ መናገር ምን እንደሚያመጣ እሱ ሳይወለድ በፊት እኔ ራሴ በጋዜጣ ጽፌ አይቼዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ዜናዎች ሁሉ በደንብ የማስታውሰው ያንን ነው። ያኮራኝ ስለሆነ አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት በአራሚነት ነው። ሁለት ዓመት ያህል ሌሎች የጻፉትን ፊደል ስለቅም ቆየሁና ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ቅርንጫፍ ተመደብኩ። ቅርንጫፍ ሲባል አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ አንድ ስልክ። ከደጋው እስከ ይፋት ቆላ ድረስ ያለውን ወሬ የምንለቅመው ከዚያ ሆነን ነው። ደመወዜ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ብር ነበር፤ የውሎ አበል ቅጽ በሦስት ቅጂ ይሞላል፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሰው ነበሩ። ጋዜጣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በመንገድ ሥራ ከቀያሾች ጋር የመለኪያ ሰንሰለት ሲጎትቱ ኖረዋል። አመላቸው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የማስታወሻ ደብተራቸውን እያንዳንዱን ገጽ ከመሐል በመስመር ለሁለት ይከፍሉታል። በግራ በኩል «ሰማሁ»፣ በቀኝ በኩል «አየሁ» ብለው ይጽፋሉ። ሰው የነገራቸው ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ገበሬ፣ በግራ ይገባል። ወደ ቀኝ የሚሻገረው በራሳቸው እግር ሄደው ያረጋገጡት ብቻ ነው። «ቁጥር እግር የለውም። አንተ ካልተሸከምከው መስመር አይሻገርም» ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ወር ከቆላ ወደ ሸዋ ሮቢት ገበያ በአንድ ቀን ሃያ መኪና ሽንኩርት ገባ የሚል ወሬ ይዤ መጣሁ። የነገሩኝ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሦስቱም ሃያ ብለዋል። ጋሽ ወርቁ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና በሚቀጥለው የገበያ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጬ እንድቆጥር ላኩኝ። ቆጠርኩ፣ ሃያ ነበር። ታርጋቸውን ስጽፍ ግን አሥራ አንድ ሆነ። ዘጠኙ አራግፈው ተመልሰው የመጡት መኪናዎች ነበሩ። እርግጥ የሽንኩርቱ ጭነት ሃያ ነው፤ የመኪናው ቁጥር ግን አይደለም። ጋሽ ወርቁ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «አየህ፣ ሦስቱም ሰዎች አልዋሹህም። አንተ ነህ የምትጽፈውን ማወቅ ያለብህ» አሉኝ።

ሌላም አመል ነበራቸው። ሰው ቤት ከሄዱ ሳይቀመጡ አይጠይቁም። በርጩማ ከሌለ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ደጃፍ ላይ ቆሞ የጠየቀ ግማሽ መልስ ይዞ ይመለሳል የሚል እምነት ነበራቸው። ይህን አመላቸውን እኔ የዕድሜ ነገር አድርጌ ነበር የማየው፤ ጉልበታቸው ስለሚደክም የሚቀመጡ ይመስለኝ ነበር።

ትርፍ የከተማ ቤት የመንግሥት የሆነበትና የቤት ኪራይ የተቀነሰበት አዋጅ ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ዋናው ዝግጅት ክፍል ከየከተማው፣ ማን በምን ያህል ቤት በስንት ብር ኪራይ እንደሚኖር የሚያሳይ ዘገባ እንድንልክ አዘዘ። ጋሽ ወርቁ በዚያ ሳምንት ጉንፋን ጥሏቸው ስለነበር ሸዋ ሮቢት ብቻዬን ወረድኩ።

ያንን መንገድ የሄደ ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ካፖርት ይቆለፋል፤ ደብረ ሲና ላይ ይፈታል፤ ሮቢት ሲደርሱ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ተጣብቋል። ከተማው የተዘረጋው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ግራና ቀኝ ነው። ሆቴል፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ሻይ ቤት፣ ከኋላቸው ደግሞ የቀበሌ ቤቶች።

በሮቢት የቤት መጠን በሜትር አይነገርም። ቤቱ ምን ያህል ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ባለ ሃያ ቆርቆሮ ነው» ወይም «ባለ አርባ ነው» የሚል ነው። ጣሪያው ስንት ቆርቆሮ እንደፈጀ ማለት ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ትልቁን ወጪ የሚያወጣው ለቆርቆሮ ስለሆነ አነጋገሩ ለሁሉም ይገባል። የቀበሌው መዝገብም «የቆርቆሮ ብዛት» የሚል ዓምድ ነበረው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ዓለሙ ቀድሞ የጋራዥ በያጅ የነበረ፣ እጁ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለበት ቅን ሰው ነው። መዝገቡን ከፍቶ አስቀመጠልኝና፣ «ከዚህ የደበቅኩህ ነገር የለም። ያየኸውን ጻፍ» አለኝ።

ሁለት ቀን ዞርኩ። ከሁሉ ያሳዘነኝ የመምህር ግርማ ቤት ነበር። መምህሩ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፤ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር በስምንት ብር ኪራይ ባለ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይኖራል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ከተዘረጋ በሩ አይከፈትም፤ ስለዚህ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት በተራ ነው፣ አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ደጅ ይቆማሉ። መምህሩ አላማረረም። «ለእኔ ጠመኔና ሰሌዳ ተሰጥቶኛል፤ ለልጆቼ ግድግዳው ይበቃቸዋል» ብሎ ግድግዳው ላይ በከሰል የተሠራ የማባዛት ሠንጠረዥ አሳየኝ።

ከዚያ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ወዳለው የእትዬ ዘሐራ ቤት ሄድኩ። በመዝገቡ ላይ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ፣ ዘጠኝ ብር ኪራይ፣ አንድ ነዋሪ ይላል። እትዬ ዘሐራ የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ ነጋዴ ባላቸው ሞቶባቸው ብቻቸውን የቀሩ፣ ለሾፌሮች ሻይና ሳንቡሳ እየሸጡ የሚተዳደሩ ሴት። ከቀትር በኋላ ስለነበር በረንዳቸው በሾፌሮች ተሞልቷል። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ የጭነት መኪና ጠብቁኝ ብዬ አስቁሜአለሁ። አስፋልቱን ሳልሻገር ከማዶ ቆሜ ጣሪያውን ቆጠርኩ። በትክክል ሠላሳ ሁለት ነበር። ከዚያ ተሻግሬ ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ብቻቸውን ይኖሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ብቻዬን ነኝ። እሱና እኔ» አሉ ጣታቸውን ወደ ሰማይ እያመለከቱ። «ግባ እንጂ፣ ሻይ ቅመስ።»

ሌላ ጊዜ ብዬ ሄድኩ። መኪናው ውስጥ፣ እንደ ጋሽ ወርቁ ለሁለት የከፈልኩትን ደብተሬን ከፍቼ ሠላሳ ሁለት የሚለውን ከግራ ወደ ቀኝ አሻገርኩት። በዓይኔ ቆጥሬዋለሁ፤ ከመዝገቡም ጋር ገጥሟል። ቅር ያለኝ ነገር አልነበረም።

ዘገባው «ስድስት ነፍስ በአሥራ ሁለት፣ አንድ ነፍስ በሠላሳ ሁለት» በሚል ርእስ ወጣ። ርእሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ አዘጋጁ ደውሎ አመሰገነኝ። ጋሽ ወርቁ ከጉንፋናቸው ተነሥተው ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር ካነበቡት በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ገብተህ ነበር?»

«ቆጥሬዋለሁ፣ ጋሼ። ከመዝገቡም አመሳክሬያለሁ።»

«ገብተህ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

መምህሩ ቤት እንደገባሁ ነገርኳቸው። ጋዜጣውን አጥፈው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ከመምህር ግርማ ደብዳቤ ደረሰኝ። እንደ መምህር ጽሕፈት የተስተካከለና አጭር ነበር። ዘገባው በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነብቦ እንደነበር፣ በዚያው የእትዬ ዘሐራ ቤት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለእሱ ቤተሰብ እንደተሰጠ ይናገራል። የመጨረሻው መስመር፣ «ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ አሁን ግን መጥተው ቢለኩልን» ይላል። ደብዳቤውን ለጋሽ ወርቁ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ኮታቸውን አነሡና አብረን ወረድን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ።

ቤቱን ከሩቅ አላወቅሁትም። ሾፌሮች የሞሉበት በረንዳ የለም። በእሱ ቦታ ከጣሪያው ጫፍ እስከ መሬት የደረሰ፣ ገና በደንብ ያልደረቀ የጭቃ ግድግዳ ቆሟል። እትዬ ዘሐራ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

«ጋዜጣው መጣ» አሉ ወደ ውስጥ እየተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያን ጊዜ ቸኩለህ ነበር። ዛሬ ካልገባህ ወላሂ አላናግርህም።»

ገባን። ጋሽ ወርቁ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ቤቱ የገባኝ። ከጭቃ ግድግዳው በፊት የነበረው ቤት አንድ ክፍልና ከጀርባው አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ብቻ ነበር። የቀረው ጣሪያ በሦስት ወገን ወደ ውጭ የተዘረጋ በረንዳ ነው። እትዬ ዘሐራ ከአዋጁ በፊትም በዚያው ቤት ተከራይ ነበሩ። በረንዳውን የጨመሩት ባላቸው በራሳቸው ገንዘብ፣ ባለቤቱን አስፈቅደው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮም ሁለት ዓይነት ነበር፤ የውስጡ የዛገ፣ የበረንዳው ገና የሚያብረቀርቅ። ከአስፋልቱ ማዶ ሆኜ ቁጥሩን እንጂ ቀለሙን አላየሁም።

ጋሽ ወርቁ ሜትር አልጠየቁም። የመምህሩን ልጆች ጠርተው የጠፍር አልጋ አስመጡና ወለሉ ላይ አንዱን ከሌላው ጎን እያስያዙ አስዘረጉ። እዚያ አገር ሰው ክፍሉን የሚያውቀው ስንት አልጋ ይዘረጋል በሚለው ነው። የውስጡ ክፍል ሦስት አልጋ ያዘ፤ አራተኛው በሩን ዘጋው። በረንዳ የነበረው ከጥግ እስከ ጥግ አምስት አልጋ ያዘ። ከዚያ ወጥተው ጣሪያውን በግድግዳው ልክ ቆጠሩት። ከሠላሳ ሁለቱ ቆርቆሮ ውስጡን የሚሸፍነው አሥራ አራቱ ነው። አሥራ ስምንቱ በረንዳ ነው። መምህር ግርማ ለቆት የመጣው ቤት በረንዳ አልነበረውም፤ አሥራ ሁለቱም ቆርቆሮ ማለት ይቻላል ውስጥ ነው። እኔ ሃያ ብዬ ለአገር ያሳወቅኩት ልዩነት ሁለት ቆርቆሮ ነበር።

«አይቼ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አይተሃል። ያየኸው ጣሪያውን ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልወቀሱኝም።

የመምህሩ ችግር እውነት ነበር፤ ይህን መሸሽ አልፈልግም። ስድስት ሰው በዚያች ጠባብ ቤት መኖር አልነበረበትም። አሁን ግን ስድስቱም በታሸገ በረንዳ ውስጥ ናቸው። በቆላ አገር ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻውን ቤት አይሆንም፤ ነፋስ የሚገባበት ጥላ ካልተጨመረ ቀን ሰው አይቀመጥበትም። የበረንዳው ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ወሩ ግንቦት ነበር። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በአጥር ጥላ ሥር እየተዘዋወሩ ይውሉ ነበር።

«ቤት ስጡኝ ብዬ ምድጃ ሰጡኝ» አለ መምህር ግርማ። እየሳቀ ነው የተናገረው፤ ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

እትዬ ዘሐራ መምህሩን አልጠሉትም። ልጆቹን በሻይ ብርጭቆ ውኃ ሲያጠጡ አየኋቸው። የተወሰደባቸው ግን ክፍል አልነበረም፤ ሾፌሮቻቸው ነበሩ። በረንዳ የሌለው ሻይ ቤት በሮቢት ሙቀት ማንም አይቆምበትም። ሻዩን ክፍላቸው ውስጥ ለመሸጥ ሞክረው ነበር፤ ሾፌሮቹ አንድ ጊዜ ገብተው፣ ላባቸውን ጠርገው ወጡ።

ጓድ ዓለሙ ጋ ሄድን። የአልጋውን ነገር በጥሞና ሰማ፤ ራሱም ተነሥቶ መጥቶ አየ። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ «እናንተ ጻፋችሁ፣ ስብሰባው አነበበ፣ እጅ አወጣ። አሁን ተሳስተን ነበር ብዬ ላፍርሰው? ማን ተሳሳተ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» አለ። ጥቂት አሰበና ጨመረ። «በጋዜጣ የገባ በጋዜጣ ይውጣ። የዚያን ቀን አፈርሰዋለሁ።»

«ትክክል ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

እርማት ጽፌ ላክሁ። አዘጋጁ ደወለልኝ። አልተቆጣም፤ እንደ ታናሽ ወንድም ሊመክረኝ ሞከረ። «ጋዜጣ አይሳሳትም። ሁኔታው ተለወጠ ይባላል» አለኝ። ሁኔታው አልተለወጠም ብዬ መለስኩ። እርማቱ አልወጣም። ሁለተኛ ጻፍኩ፤ እሱም አልወጣም። ሮቢት ግድግዳው ደረቀ፤ እኔ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ሆኜ ስለ ሙቀት አስባለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ወርቁ ወንበሬ አጠገብ ወንበራቸውን ሳቡ። እርማት ሳይሆን በቆላ ከተሞች ቤት እንዴት መለካት እንዳለበት የሚናገር ሰፊ ጽሑፍ እንድንጽፍ ነገሩኝ። ስለ ነፋስ፣ ስለ ወባ፣ ስለ ግድግዳ ውፍረት፣ ስለ አልጋ ብዛት። ሁለታችን አራት ቀን ሠራነው። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። «ይቺን ዓረፍተ ነገር አንተ ነህ የምትጽፋት» አሉ። ጻፍኳት፤ እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣታለሁ። «ይህ ዘጋቢ ቀደም ሲል በሸዋ ሮቢት አንድን ቤት ባለ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ብሎ ሲጽፍ ውስጡ አልገባም፤ ከሠላሳ ሁለቱ አሥራ ስምንቱ የበረንዳ ነው።» ጋሽ ወርቁ ከዓረፍተ ነገሩ በፊት የስምንት ቤቶችን መጠን፣ ከበስተኋላው የስድስት ቤቶችን መጠን ደረደሩ፤ ሁሉንም በአልጋ፣ በክንድና በቆርቆሮ።

«ለምን ይሄን ሁሉ ቁጥር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አዘጋጅ ቁጥር የበዛበት አንቀጽ አያነብም» አሉኝ።

ጽሑፉ ሙሉውን ወጣ። አዘጋጁ በደንብ ሳያነብ አሳልፎት ይሁን፣ አንብቦ ዝም ብሎ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ደግ ሰው ስለነበር ሁለተኛውን ባምን እመርጣለሁ።

ጓድ ዓለሙ ቃሉን ጠበቀ። ጋዜጣውን ስብሰባ ላይ አስነበበ፤ ሰባተኛውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ። ግድግዳውን ለማፍረስ አንድ ከሰዓት በቃ፤ መምህር ግርማ ራሱ ዶማ ይዞ እንደተባበረ ጻፈልኝ። ለቤተሰቡ ወዲያው ቤት አልተገኘም። ስለዚህ እትዬ ዘሐራ በረንዳውን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ለልጆቹ ተዉት፤ በሰኔ ወር አንድ የጤና ባለሙያ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ቤቱ ሲለቀቅ ለመምህሩ ተሰጠ። ባለ ሃያ ቆርቆሮ ነበር። መምህሩ ከመረከቡ በፊት አልጋ ይዞ ገብቶ ለካው።

እርማት የማይመልሰውም ነገር አለ። በሐምሌ ስሄድ በረንዳው ተከፍቷል፤ ሾፌሮቹ ግን የሉም። ሾፌር አንዴ የሚቆምበትን ቦታ ከለወጠ እግሩ በቀላሉ አይመለስም። ወንዙ ድልድይ አጠገብ ሌላ ሻይ ቤት ለምደዋል። እትዬ ዘሐራ ቋሚ ደንበኞቻቸውን በስም እየጠሩ በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ አሥራ አንድ ነበሩ፣ አራቱ ተመልሰዋል። ሰባተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ፣ «ይሄ እንኳ ከድልድዩ ሆኖ ጥሩንባ ይነፋልኛል፤ ሰላም ማለቱ ነው» አሉ። ጥሩንባ ነፊው ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ሳንቡሳው ቀርቶ ማንጎና ሎሚ መሸጥ ጀመሩ፤ ሻዩንም ለአራቱ ብቻ ያፈሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በዘጋቢነት ሠራሁ። በርካታ ቦታ ተመደብኩ፤ ከሥራ አለቆቼ ጋር ተስማምቼም ተጣልቼም አውቃለሁ። ደብተሬን ግን እንደ ጋሽ ወርቁ ለሁለት እከፍል ነበር። አንድ ነገር የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ሰው ቤት ገብቼ ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤቱ ምን ያህል እንደሆነ አይደለም። ቀኑን የት እንደሚውሉ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም።

ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ስሄድ እትዬ ዘሐራን ልሰናበት ሮቢት ወረድኩ። የደረስኩት በስድስት ሰዓት ነበር፤ አስፋልቱ ይቀልጣል። በረንዳው ላይ ልቀመጥ ስል ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ በሩን ዘጉት፤ ሻይ ቀድተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ብርጭቆው እስኪያልቅ ላቤ ከአገጬ እየወረደ ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እሳቸውም ላብ በላብ ሆነዋል፤ ግን ዓይናቸው ይስቃል።

ሻዩን ስጨርስ ተነሥተው በሩን ከፈቱና ወደ በረንዳው አወጡኝ። ከወንዙ በኩል ነፋስ ነበር። በርጩማ ሰጡኝ፤ ሌላ ሻይ ቀዱልኝ።

«እህ ጋዜጣው» አሉኝ፣ «ደብተርህን አውጣ። የትኛው ነው ቤቴ? ጻፍ።»

አወጣሁ። በግራ በኩል ምንም አልጻፍኩም። በቀኝ በኩል፣ ከ«አየሁ» ሥር፣ «በረንዳው» ብዬ ጻፍኩ። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው።

«አሁን ገብተሃል» አሉ።